99 በመቶው የሐይቁ ነው

«በአምስት ወር ውስጥ የአንድን አካባቢ የወባ ትንኞች ከ99 በመቶ በላይ የቀነሰ ዘዴ ነበር» ቢሏችሁ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ? እኔ «ታዲያ ለምን ተተወ?» ብዬ ነው የጠየቅኩት። መተሐራ ላይ ያደገ ሰው ወባን የሚያውቃት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በቀትር ሐሩር ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ ያንን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው፣ ምሕንድስና የተማርኩ ሰው ሆኜ እንኳ፣ ከመመርመሬ በፊት ደስ ነው ያለኝ።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ሙከራው የተካሄደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመካከለኛው አሜሪካ፣ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ፣ አፓስቴፔኬ በሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ውጤቱም በ1974 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በኬሚካል ያመከኗቸውን ወንድ ትንኞች ለቀቁ፤ ትንኞቹ እንደ ልማዳቸው ከዱር ሴቶች ጋር ተገናኙ፤ ልጅ ግን አልተወለደም። በቃ፣ የሐይቁ ዳርቻ ትንኝ ተመናመነ።

ዛሬ ከእናንተ ጋር ማድረግ የምፈልገው ያንን ሙከራ እንደገና መፈተሽ ነው። በሰዎቹ ለመፍረድ አይደለም፤ ሥራቸው ጥንቁቅ ነበር። የኔ ክርክር ባጭሩ ይኼ ነው፦ ያ 99 በመቶ የሐይቁ ነው እንጂ የዘዴው አይደለም። ሁለቱን ስናምታታ ደግሞ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ሐሳቡ እንዴት ይሠራል?

ሰው የምትነክሰው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፤ እንቁላል ለመሥራት ደም ያስፈልጋታል። ወንዱ የአበባ ወለላ እየቀሰመ ይኖራል። ሌላም ነገር አለ፦ ሴቷ የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ ከወንድ ጋር የምትገናኘው አንዴ ብቻ ነው። የተቀበለችውን የወንድ ዘር ሰውነቷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት ታስቀምጣለች፤ ከዚያ በኋላ እንቁላል በጣለች ቁጥር ከዚያው እየቀነሰች ትጠቀማለች። እንግዲህ ያ አንድ ወንድ መካን ከሆነ ነገሩ አበቃ። እንቁላሏን ትጥላለች፣ ግን አይፈለፈልም።

የሐሳቡ አባት አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ኒፕሊንግ ነው። ኒፕሊንግና ባልደረቦቹ እጩ የከብትን ሕያው ሥጋ የሚበላ አንድ ዝንብ ነበረባቸው። ወንዶቹን በጨረር አምክነው በብዛት ለቀቁ፤ በ1954 ኩራሳዎ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ዝንቡን ሙልጭ አድርገው አጠፉት። ደሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ትንኝ ግን ዝንብ አይደለችም፤ ሰውነቷ ስስ ነው። በ1960 ገደማ ፍሎሪዳ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ላብራቶሪ ውስጥ ያደጉትና በጨረር የመከኑት ወንዶች ከዱር ወንዶች ጋር መፎካከር አልቻሉም። ሴቶቹ ዞር ብለውም አላዩአቸው። ያኔ ነው ፊት ወደ ኬሚካል የዞረው።

ኤል ሳልቫዶር ላይ የተጠቀሙበት ኬሚካል ቢሳዚር ይባላል። የኃይሉ ምስጢር ቅርጹ ላይ ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ ሁለት የካርቦንና አንድ የናይትሮጅን አቶሞች ተያይዘው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ካርቦን ማሰሪያዎቹን በ109 ዲግሪ ገደማ ዘርግቶ መቀመጥ ይወዳል፤ እዚህ ግን ወደ 60 ዲግሪ ተጨፍልቆ ነው የተያዘው። እንደ ተወጠረ ሞላ አስቡት። ቀለበቱ ፍንጥር ብሎ ሲከፈት አጠገቡ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል፤ አጠገቡ ያለው ዲ ኤን ኤ ከሆነ ደግሞ ዲ ኤን ኤውን ያበላሸዋል።

አስገራሚው ነገር የወንዱ ዘር አለመሞቱ ነው። ይዋኛል፣ እንቁላሉ ጋ ይደርሳል፣ ይገባል። ነገር ግን ይዞት የመጣው መመሪያ የተቀዳደደ ስለሆነ ፅንሱ ገና ሲጀምር ይሞታል። ለሴቷ ግን ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላታል። ደግሞም አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ከእጭነት ወደ ሙሉ ትንኝነት በሚሸጋገሩበት ደረጃ ላይ ያሉትን ወንዶች ቢሳዚር ባለበት ውኃ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ መንከር፣ ከዚያ ማጠብና መልቀቅ። የጨረር ማሽን አያስፈልግም።

ለምን ኤል ሳልቫዶር?

እዚህ ላይ ለተመራማሪዎቹ የሚገባቸውን ክብር እንስጥ። የአገሪቱ የፓስፊክ ዳርቻ የጥጥ እርሻ ነበር፤ ጥጡ ላይ በየጊዜው ፀረ-ተባይ ይረጫል። እርጭቱ ከእርሻው አልፎ ትንኞቹ የሚራቡበት ውኃ ውስጥ ይገባል። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ፦ የአካባቢው ወባ አስተላላፊ፣ አኖፌለስ አልቢማነስ፣ ብዙዎቹን መድኃኒቶች ተላመደ። ቤት ውስጥ ቢረጩ ትንኟ ግድ የላትም። ስለዚህ ሰዎቹ ሌላ መንገድ የፈለጉት ቸግሯቸው ነው እንጂ ለዝና ብለው አይደለም።

በአምስት ወር ውስጥም 4.36 ሚሊዮን ያህል መካን ወንዶችን ለቀቁ። ትንኞቹ ጠፉ ማለት ይቻላል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

እስክሪብቶ አንሱ

ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው። የሙከራው ቦታ በጥቅሉ 15 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሌሎች መራቢያ ቦታዎችም የተነጠለ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለዚሁ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። ጥያቄው ከዚያ ወጥተን ስንሄድ ምን ይፈጠራል የሚለው ነው።

ኑ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፤ አመክንዮው ግን የኒፕሊንግ ነው። አንድ አካባቢ 1000 ሴትና 1000 ወንድ ትንኞች አሉ እንበል። እያንዳንዷ የተሳካላት ሴት ለቀጣዩ ትውልድ 5 ሴት ልጆች ታደርሳለች። እኛ ደግሞ በየትውልዱ 9000 መካን ወንዶች እንለቃለን። መጀመሪያ ላይ ከ10 ወንዶች 9ኙ መካን ናቸው፤ ስለዚህ የሚሳካላቸው 100 ሴቶች ብቻ ይሆናሉ፤ እነሱም 500 ሴት ልጆች ይወልዳሉ። በሚቀጥለው ትውልድ የዱር ወንዶች ቁጥር ስለቀነሰ የመካኖቹ ድርሻ ይጨምራል፤ ሴቶቹ ወደ 132 ይወርዳሉ። ከዚያ ወደ 10። ከዚያ ወደ ዜሮ። ፀረ-ተባይ መድኃኒት ትንኝ ባነሰ ቁጥር ጥቅሙም ያንሳል፤ ይኼ ዘዴ ግን ጠላቱ በደከመ ቁጥር ይበረታል። ውብ ነው። ሐይቁ ላይ የሆነውም ይኼው ነው።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንጨምር። በየትውልዱ 20 ሴት ትንኞች ከውጭ ይመጣሉ፤ ያውም ሌላ ቦታ ከጤነኛ ወንድ ጋር ተገናኝተው የጨረሱ። እነዚህ እኛ የለቀቅናቸውን 9000 ወንዶች አይፈልጓቸውም። ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ተገናኝተው መጥተዋል። 20 ሲባዛ በ5፣ በየትውልዱ 100 ሴት ልጆች ይወለዳሉ። ስሌቱን እስከ መጨረሻው ብትገፉት ቁጥሩ 106 ገደማ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዜሮ አይገባም።

«እሺ፣ ፋብሪካውን እናሳድገው» ትሉ ይሆናል። የሚለቀቁትን በእጥፍ ጨምሩና 18000 አድርጓቸው። ስንት ቢደርስ ጥሩ ነው? 103። ወጪው እጥፍ ሆኖ ሦስት ትንኝ ቀነስን ማለት ነው። ቧንቧው ተከፍቶ ወለል መወልወል ይሏል ይኼ ነው፤ ጨርቅ ብትጨምሩ ወለሉ አይደርቅም።

ይኼ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ ስኬት በኋላ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ሥራው ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ተዛወረ። ቦታው 150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ምርቱ በቀን ወደ 1 ሚሊዮን ወንድ ትንኝ አደገ። ምሕንድስናውም ተሻሻለ። ሐይቁ ላይ ወንዱን ከሴቷ የሚለዩት በመጠን ነበር፤ ወንዱ አነስ ስለሚል። ስለዚህ ጥቂት የማይባሉ ሴቶች አምልጠው አብረው ይለቀቁ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ይነክሳሉ። ለዳርቻው ሙከራ «ማቾ» የተባለ ዝርያ ፈጠሩ፤ ፕሮፖክሰር የተባለውን ፀረ-ተባይ የሚቋቋሙት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። እንቁላሎቹን መድኃኒቱ ውስጥ ስትነክሩ ሴቶቹ ያልቃሉ፣ ወንዶቹ ይተርፋሉ። ይኼን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር ማለት እችላለሁ።

ሆኖም ውጤቱ የሐይቁን ያህል አልሆነም። የትንኙ ዕድገት በእርግጥ ተገታ፤ ግን ከአካባቢው ውጭ ተገናኝተው የሚመጡ ሴቶች እየገቡ አስቸገሩ። የተሻለ ፋብሪካ፣ የተሻለ ዝርያ፣ እጅግ የበዛ ምርት፤ ነገር ግን አጥሩ የለም። በአፓስቴፔኬ አጥሩን በነፃ የሰጣቸው ተፈጥሮ ነበር። እኔ 99 በመቶው የሐይቁ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወሰን፦ ትንኟ ሰውነት ላይ የቀረው

የምሕንድስና ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ የሚማረው ነገር አለ፦ ስሌት ከመጀመርህ በፊት የሲስተሙን ወሰን አስምር። ምን ገባ? ምን ወጣ? የመካን ትንኝ ሙከራዎች የመጀመሪያ ስህተት የቦታው ወሰን ከሆነ፣ ሁለተኛው የኬሚካሉ ወሰን ነው።

ያ የተወጠረ ሦስት ማዕዘን የማን ዲ ኤን ኤ እንደሆነ አይጠይቅም። የትንኝም ሆነ የሰው፣ ካገኘው ይጣበቃል። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ቲዮቴፓ ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግል መድኃኒት ነው፤ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚጎዳ። በተመሳሳይ ምክንያት ራሱም ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል ይታወቃል። በ1972 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በኬሚካል የመከኑ ትንኞችን የተመገቡ ሸረሪቶች የመራባት አቅማቸው መጎዳቱን አሳየ። የትንኟ መካንነት ወደ በላተኛዋ ተሻገረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። አንድ ትንኝ 2 ሚሊግራም ትመዝናለች ብንል፣ ሐይቁ ላይ የተለቀቁት 4.36 ሚሊዮን ትንኞች ተጠራቅመው 9 ኪሎ እንኳ አይሞሉም። በእያንዳንዷ ላይ የቀረው ኬሚካል የዚያ ኢምንት ክፍልፋይ ነው። ከጥጡ እርሻ እርጭት ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ሐይቁን መረዙት» የሚል ካለ አልስማማም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው ነው፦ በየቀኑ ነካሪው። ጓንት አድርጎ፣ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ፣ ፈሳሹን የሚያዘጋጅና የሚደፋው ሠራተኛ። በቀን 1 ሚሊዮን ትንኝ ለማምከን የሚያስፈልገው ኬሚካል በሙሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ጨረር ማሽኑን ስታጠፉት ትንኟ ላይ ምንም አይቀርም፤ ኬሚካል ግን ጠርሙስ አለው፣ ዝቃጭ አለው፣ የሚደፋበት ቦታ ይፈልጋል። ዘዴው «ርካሽ ነው» ሲባል ይኼ ወጪ ከወሰኑ ውጭ ቀርቶ ነው። ዘርፉ በኋላ አብዛኛውን ፊቱን ወደ ጨረር የመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ወሰን፦ ሰዎቹ

በዚያው ዘመን ሕንድ ውስጥም ትልቅ ሙከራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በኒው ዴልሂ አንድ ክፍል አቋቁመው፣ ዝሆኔ የሚያስተላልፈውን የኩሌክስ ትንኝ በቲዮቴፓ እያመከኑ በዴልሂ አካባቢ መንደሮች ለቀቁ። እዚያም ተገናኝተው የሚገቡ ሴቶች አስቸገሩ። ሙከራውን የገደለው ግን ይኼ አልነበረም።

ጋዜጦች መጠየቅ ጀመሩ። ቢጫ ወባ የምታስተላልፈውን ትንኝ ለምን ታጠናላችሁ? ቢጫ ወባ ሕንድ ውስጥ የለም! የባዮሎጂ ጦርነት ዝግጅት ነው እንዴ? ካንሰር ያመጣል የሚባል ኬሚካልስ ሰው መሐል ምን ይሠራል? ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ፤ ሶኔፓት በምትባል ከተማ ሊካሄድ የታሰበው ትልቅ ሙከራ ተሰረዘ፤ ክፍሉም በ1975 ተዘጋ።

ይኼ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ «ያልገባው ሕዝብ ሳይንስን አደናቀፈ» ተብሎ ነው የሚተረከው። እኔ እንደዚያ አላነበውም። የጦርነት ክሱ ማስረጃ አልነበረውም፤ ያቺው ትንኝም ዴንጊ ስለምታስተላልፍ ለሕንድ ጠቃሚ ጥናት ነበር። የኬሚካሉ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በመንደራችሁ የሆነ ነገር ሊለቀቅ ነው፤ ምን እንደሆነ የምትሰሙት ከጋዜጣ ነው። ምን ታስባላችሁ? ሰው ከጠረጠረ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ማስተባበያ ነው የሚመስለው። የመንደሩን ሰው ከሲስተሙ ውጭ አድርጋችሁ ብትስሉት፣ እሱም እንደዚያች ተገናኝታ እንደመጣች ትንኝ ከውጭ ገብቶ ስሌታችሁን ያፈርሰዋል።

ታዲያ ለእኛስ?

ወደ አገር ቤት እንምጣ። ነፍሳትን አምክኖ መልቀቅ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ገንዲ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ በጨረር እያመከነ የሚያረባ ተቋም ቃሊቲ ውስጥ አለ፤ ዝንቡ የሚለቀቀው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ነው። በዚሁ ዘዴ ዛንዚባር ውስጥ፣ ኡንጉጃ ደሴት ላይ፣ ዝንቡ በ1990ዎቹ ጠፍቷል። አሁንም ደሴት! የቆላ ዝንብ ደግሞ አንድ እጭ ብቻ እየያዘች የምትወልድ፣ ቀስ ብላ የምትራባ ነፍሳት ናት። ትንኝ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚጠጋ እንቁላል ትጥላለች። በስሌታችን ውስጥ ያቺ «5» ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነች አሁን ይታያችኋል።

ትንኝ ምን ያህል ርቃ ትሄዳለች? በ2019 የታተመ ጥናት ማሊ ውስጥ በፊኛ በተንጠለጠሉ መረቦች ከመሬት ከ40 እስከ 290 ሜትር ከፍታ ላይ የወባ ትንኞችን ያዘ፤ በነፋስ እየተጓዙ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ እንቁላል ይዘዋል። ስሌታችን ውስጥ ያሉት 20 መጤዎች ማለት እነዚህ ናቸው።

ኬሚካላዊ ማምከን ግን አልሞተም፤ መልኩን ለወጠ። ፓይሪፕሮክሲፌን የሚባል ኬሚካል የነፍሳትን ሆርሞን ይመስላል፤ የነካችው ሴት ትንኝ እንቁላሏ ይበላሻል። ዛሬ በአጎበር ላይ ተቀላቅሎ ይሠራበታል። ሐሳቡ ብልህ ነው፦ ፋብሪካ የለም፣ የሚለቀቅ ትንኝ የለም። ሴቷ ከየትም ትምጣ፣ ከማንም ጋር ትገናኝ፣ ሰው ለመንከስ ስትመጣ አጎበሩን ትነካለች። ወሰኑ በክልል ዙሪያ መሆኑ ቀርቶ አልጋ ዙሪያ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን በ2022 የወጣው የታንዛኒያ ሙከራ ይኼ አጎበር ከተራው መድኃኒት የተነከረ አጎበር በግልጽ የተሻለ ሆኖ እንዳላገኘው ገልጿል። ብልህ ሐሳብም በመስክ ይፈተናል።

ይኼን ሁሉ የምነግራችሁ ዜናው ወደ እኛ እየቀረበ ስለሆነ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ወባ አስተላላፊ፣ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ አስነሣች። በ2024 ጅቡቲ ውስጥ ሴት ልጆቻቸው እንዳያድጉ በዘረመል የተለወጡ ወንድ ትንኞች በሙከራ መልክ ተለቀቁ። ዘዴው ከቢሳዚር በጣም ይለያል፤ የሒሳቡ አመክንዮ ግን ያው ነው፦ ወንድ ለቅቆ የዱር ሴት ማግኘት።

ስለዚህ አንድ ቀን «በዚህ ቦታ 90 በመቶ ቀነስን» የሚል ዜና ታነቡ ይሆናል። ደስ ይበላችሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ወባ የያዘው ሰው ተስፋ አይጠላም። ከዚያ ግን ካርታ አውጡና የሙከራውን ወሰን በእስክሪብቶ አስምሩ። ውስጡ ያሉት ሰዎች ተጠይቀዋል? የሚሠራውን የሚነካው እጅ የማን ነው? በመጨረሻም ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣውን የባቡር ሐዲድ ፈልጉና፣ መስመራችሁን የት ላይ እንደሚያቋርጥ እዩ።